የእትዬ ዘሀራ ገመድ

ማክሰኞ፣ በኅዳር ወር፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። የቀሰቀሰኝ ሰው አልነበረም፤ የጮኸ ሰዓትም የለም። መብራቱን ሳበራ ቀኝ እጄን ከራስጌዬ በላይ ግድግዳው ላይ አገኘሁት። ገመድ እየፈለገ ነበር።

አሁን በምኖርበት የአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም እንኳን ገመድ፣ ገመድ የሚንጠለጠልበት ምስማርም የለም። እጄ የፈለገው ካርቱም ውስጥ፣ ጀሪፍ በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ መስኮት ወደ ሌላ መስኮት የተዘረጋ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ነው። በሙያዬ ከአንድ ሰው ብቻ የሰማሁትን ነገር ሳላጣራ አልጽፍም። የዚህ ገመድ ነገር ግን ማጣራት አያስፈልገውም፤ አንደኛውን ጫፍ ለዓመታት የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላኛው ጫፍ የታሰረው በጎረቤቴ በእትዬ ዘሀራ እጅ ላይ ነበር።

ያን ጊዜ ጀሪፍ ግማሹ ከተማ፣ ግማሹ ገጠር ነበር። በጥቁር ዓባይ ዳር ጡብ የሚተኮስባቸው ምድጃዎች ሌሊቱን ሲጨሱ ያድራሉ፤ ሊነጋ ሲል ነፋሱ ከወንዙ ሲነሣ የተቃጠለ እበትና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይዞ በየመስኮቱ ይገባል። ዛሬም በየትኛውም አገር ጡብ ሲተኮስ ከሸተተኝ ሰዓቴን አያለሁ። ዋናው አስፋልት ላይ ሀፍላ የምንላቸው ሚኒባሶች ይቆማሉ። ሾፌሮቹ ቃሉን የማይረዱትን የአማርኛ ዘፈን በካሴት ያጫውታሉ፤ ሐበሻ ሲሳፈር ካዩ በመስታወቱ ይስቁና ድምፁን ይጨምሩለታል። ሀፍላው በሚቆምበት ጥግ፣ ከኒም ዛፍ ሥር፣ ሻይ የምትሸጥ የደቡብ ሰው ነበረች። በወተት የተፈላ ሻይ ከሁለት ለቂማት፣ ማለትም ከትኩስ ክብ ብስኩት ጋር ትሰጣለች። ብርጭቆው ሃያ አምስት ዲናር ነበር፤ ገንዘቡ ላይ ዲናር ተብሎ ቢጻፍም ማንም በዲናር አይጠራውም፤ ሁሉም በድሮው ገንዘብ፣ በጊኒህ፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ይለዋል። አዲስ የመጣ ሐበሻ ሁሉ መጀመሪያ የሚደነግጠው በዚህ ነው። ወንዶቻችን የአገሬውን ሰው አይተን ባለ አራት ኪስ ሳፋሪ እናሰፋ ነበር። የእኔ ብስኩታማ ቀለም ያለው ሲሆን በየሳምንቱ ታጥቦ በየሳምንቱ አቧራውን ይመስላል።

የምንኖርበትን ግቢ እንደ አገሬው ሆሽ እንለዋለን። በአንድ ረድፍ የተሠሩ ክፍሎች፣ አንድ የውኃ ቧንቧ፣ አንድ ዚር የሚሉት ውኃ ማቀዝቀዣ የሸክላ ጋን፣ አንድ የሎሚ ዛፍ። መጨረሻው ክፍል የሙሉጌታና የባለቤቱ የብርቱካን ነው። ሙሉጌታ አገር ቤት የራዲዮ ቴክኒሻን ነበር፤ በወጣትነቱ ፈጣሪ የለም ብሎ በስብሰባ ከወሰነ ወዲህ ውሳኔውን አልሻረም። መካከለኛው የእኔ ነው። ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ ከወሎ፣ ከሐይቅ ማዶ የመጡት እትዬ ዘሀራ። ዐማራት በሚባለው የኤምባሲና የቪላ ሰፈር፣ ከባለ ቁጥሮቹ መንገዶች በአንዱ ላይ፣ አንድ ሀብታም ቤት የቤት ሥራ ይሠሩ ነበር። በመጀመሪያው ሀፍላ ይሄዳሉ፣ ማታ ይመለሳሉ። እንደ ሱዳን ሴቶች ከራስ እስከ እግር የሚጠቀለለውን ቶብ ይለብሳሉ፤ አንዱ የሰናፍጭ ቀለም ያለው፣ አንዱ ነጭ ሆኖ ጫፉ ላይ አረንጓዴ ጥልፍ ያለው። ነጩን የሚለብሱት ለሶላት ብቻ ነው።

እኔ ስመጣ የቀንና የሌሊት ሥርዓት የጠፋበት ሰው ነበርኩ። ሥራዬ በዐማራት ለሚገኝ አንድ የዜና ቢሮ የአጭር ሞገድ ጣቢያዎችን እያዳመጡ ማጠቃለያ መጻፍ ነው። ሌሊቱን ጆሮዬን ከራዲዮው ጋር አጣብቄ አድራለሁ፤ ጎህ ሲቀድ እተኛለሁ፤ እኩለ ቀን ላይ በላብ ተጠምቄ እነሣለሁ። ራሴን ያመኛል። አንድ ሐኪም የደም ግፊት አለብህ ብሎ ጨው ከልክሎኛል። ለሰው የማልነግረው ሌላ ነገርም ነበር፤ ለመነሣት የሚያበቃ ምክንያት ማጣት። ስደት ላይ ይህ የብዙ ሰው በሽታ ስለነበር በሽታ አይባልም።

የቀየረኝ ውኃ ነው። ጀሪፍ ላይ ቧንቧው ጉልበት የሚኖረው ሱብሒ፣ የንጋቱ ሶላት፣ ከመድረሱ በፊት ብቻ ነበር። ያኔ ያልቀዳ ቀኑን በሙሉ ባዶ ባልዲ እያየ ይውላል። አንድ ሌሊት ራዲዮውን ዘግቼ ገና እንቅልፍ ሲወስደኝ ከመስኮቱ ውጭ ስሜ ተጠራ።

«ጌታቸው።»

ጥቂት ቆይቶ እንደገና፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጌታቸው።» በሦስተኛው መለስኩ።

«ማን ነው?»

«ውኃው መጥቷል። ባልዲህ ባዶ ነው።»

«እትዬ ዘሀራ፣ ገና ሌሊት’ኮ ነው!»

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ? ለውኃው ንገረው።»

በር አያንኳኩም፤ ሰው አይነካኩም። ስም ጠርተው ይጠብቃሉ። በእሳቸው አገር ነፍስ በእንቅልፍ ሰዓት ሩቅ ትሄዳለች ይባላል፤ በድንጋጤ የተጠራች ነፍስ ደግሞ መንገድ ትስታለች። ስለዚህ ሦስት ጊዜ፣ በመካከሉ የመመለሻ ጊዜ እየሰጡ። ሆሹን ሁሉ እንዲህ ነበር የሚቀሰቅሱት፤ በዓመታት ውስጥ አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልሰማሁም።

ባልዲውን ሞልቼ ልተኛ ስል ያዙኝ። ለሶላት ታጥበው፣ ውዱእ አድርገው፣ ክንዳቸው ላይ ውኃው ያበራል።

«አንተ ክርስቲያን አይደለህም እንዴ? ዳዊትህን የት ጣልከው?»

«ሻንጣ ውስጥ አለ።»

«ሻንጣው ይደግምልሃል?»

ሙሉጌታ ከወዲያ በካናቴራ ሆኖ መሬት ላይ ፑሽ አፕ እየሠራ ነበር፤ ሳቁን መያዝ አቅቶት በደረቱ ተኛ። እትዬ ዘሀራ ወደ እሱ በአገጫቸው አመለከቱ። «ያውልህ፣ እሱ እንኳ ይሰግዳል። ለማን እንደሆነ ብቻ አላወቀም።»

ዳዊቱን ከሻንጣ አወጣሁ። መጀመሪያ ከእልህ ነበር፤ ቀጥሎ ከልማድ፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ስም ልሰጠው አልችልም። ሌሊት የማዳምጣቸውን ጣቢያዎች ለሌላ ባልደረባ አስተላልፌ የጠዋቱን ሥርጭት ወሰድኩ። እትዬ ዘሀራ በክፍላቸው ተሀጁድ የሚባለውን የሌሊት ሶላት ይሰግዳሉ፤ እኔ በሎሚው ዛፍ ሥር በኩራዝ ዳዊት እደግማለሁ፤ ሙሉጌታ እየቆጠረ ይነሣል ይወድቃል። ብርቱካን ብቻ ነበረች የማትነሣው። «እናንተ ጸልዩልኝ፣ እኔ እተኛላችኋለሁ» ትላለች። ከዚያ የሐጅ ኢድሪስ አዛን ይመጣል። ሐጅ ኢድሪስ የሆሹ ባለቤት ነበሩ፤ ከጥጉ ላይ ባለችው ትንሽ መስጊድ አዛን የሚያደርጉትም እሳቸው ናቸው። ድምፃቸው ሻካራ፣ ትንሽ ከአፍንጫ የሚወጣ፤ ጡብ በጡብ ላይ ሲጎተት ይመስላል። እትዬ ዘሀራ ግን «ወላሂ፣ ከመካው አይለውጡትም» ይላሉ። አዛኑ ሲያበቃ ወደ ወንዙ ወርጄ የጡብ ምድጃዎቹን ተሻግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፤ ከኒሙ ሥር ሻዬን እጠጣለሁ። ራስ ምታቱ በዚያ ዓመት ተወኝ፤ ግፊቱም ወረደ። ንጋቱ ይሁን የጨው መቀነሱ አላረጋገጥኩም። እኔ የማውቀው ቀኑ ሲጀምር ቀድሜው መገኘቴን ነው።

አንድ ቀን ሀፍላ ስንጠብቅ ይህ ሁሉ ማልዶ መነሣት አይሰለችም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መልሳቸውን ያኔውኑ ስለጻፍኩት ቃል በቃል ነው።

«ቀኑ የማዳም ነው። ማታው የእግሬ ነው፣ ያመኛል። ይቺ ሰዓት ግን የእኔ ናት። እሷን ከወሰዱብኝ ምን ቀረኝ፣ ወንድምዓለም?»

በአንድ የክረምት ማብቂያ ወባ ጣላቸው። ትኩሳቱ ለቀቃቸው፤ ጆሯቸው ግን አልተመለሰም። የትኩሳቱ ነው የመድኃኒቱ፣ ሐኪሙም ቁርጥ አድርጎ አልነገረንም። ግራው ጭርሱን ዘጋ፤ ቀኙ በቅርብ ሆኖ ለጮኸ ሰው ብቻ የሚከፈት ሆነ። ለማዳም እንዳይነገር ለመኑን፤ ለሐጅ ኢድሪስም ቢሆን፣ ወሬ ከሆሽ ከወጣ ዐማራት ይደርሳል ብለው። ማዳም ስትጠራቸው አፏን እያዩ ይረዱ ነበርና ለጊዜው አለፈ። ለአዛኑ ግን ዓይን አይረዳም። ሐጅ ኢድሪስ ሲጣሩ አይሰሙም። ሱብሒ ደግሞ ሰዓት አላት፤ ገና ሳይደርስ አይሰገድም፣ ፀሐይ ከወጣም አለፈ።

እንቅልፍ ቢወስደኝስ ብለው መተኛት አቆሙ። ይህን ያወቅነው ዘግይተን ነው። ብርቱካን አንድ ንጋት ድንገት ስትወጣ በሩን ከፍተው፣ ነጩን ቶብ ለብሰው፣ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ሰማዩን ሲጠብቁ አየቻቸው። በማግሥቱም እንደዚያው። ፊታቸው ጠቆረ፣ ጉንጫቸው ገባ። አንድ ቀን ከሀፍላ ሲወርዱ እግራቸው ከድቷቸው አስፋልት ላይ ወደቁ። ሐኪሙ በጩኸት፣ «ካልተኛሽ ልብሽ አይችልም» አላቸው።

«ሶላቴ ካለፈችኝስ?» አሉት። «ከልጅነቴ ጀምሬ አሳልፌያት አላውቅም።»

«ቢያልፍሽ አላህ ይረዳል።»

«እሱማ ይረዳል። እኔ ነኝ የማልረዳው።»

በመጀመሪያ ብርቱካን ልቀስቅስ አለች። ራሷ በባሏ ተቀስቅሳ ሄዳ ትከሻቸውን ነካች፤ እትዬ ዘሀራ ጮኸው ተነሡ፤ ቀኑን በሙሉ ደረታቸውን ይዘው ዋሉ። ነፍሳቸው ሩቅ ነበረች። ቀጥሎ ሙሉጌታ ከአልጋቸው በላይ አምፖል ሰቅሎ ማብሪያውን በእኔ ክፍል አደረገ። ለጥቂት ቀን ሠራ። ነገር ግን ጀሪፍ ላይ መብራት እንደ እንግዳ ነበር፤ ሲመጣ ደስ ይላል፣ ይመጣል ብሎ የሚተማመንበት የለም። በሦስተኛው ሙከራ ከገበያ አንድ ጥቅል ሰማያዊ ገመድ ይዞ መጣ። በክር ማጠንጠኛ እንጨቶች ላይ እያንሸራተተ ከእኔ ራስጌ በመስኮቴ አስወጥቶ፣ በእሳቸው መስኮት አስገባው። ጫፉ ላይ እጅ እንዳይከረክር ከአሮጌ ቶብ የተቀደደ ለስላሳ ጨርቅ አሰረበት።

እትዬ ዘሀራ አልፈልግም አሉ። «ሰው በእኔ ምክንያት እንቅልፉን አይጣ።»

«እርስዎ እኔን ስንት ዓመት ቀሰቀሱኝ?» ብዬ በቀኝ ጆሯቸው ጮህኩ።

«አንተን የቀሰቀሰህ ውኃው ነው።»

ሙሉጌታ ተራውን ተቀብሎ ጎንበስ አለ። «እትዬ! ገመዱን ገዝቼዋለሁ! ባለ ሱቁ ለፍየል ነው ብሎኛል! ልመልስለት ወይስ ፍየል ልግዛ?»

ገመዱን አዩ፤ ከዚያ ከታመሙ ወዲህ ያልሰማነው ሳቅ መጣ። «እንግዲህ ፍየል አደረግኸኝ!» አሉና እጃቸውን ዘረጉለት።

ሥርዓቱን ያወጡት እሳቸው ናቸው። ሦስት ጊዜ በቀስታ፣ በመካከሉ የመመለሻ ጊዜ እየተሰጠ፤ ልክ ስም እንደሚጠሩት። ሲነቁ አንድ ጊዜ ይስባሉ። ተሀጁዳቸውን ይሰግዳሉ። ሐጅ ኢድሪስ አዛን ሲጀምሩ ደግሞ እኔ አንድ ረጅም እስባለሁ፤ ሱብሒ ገባ ማለት ነው። ሙሉጌታ በየንጋቱ በመስኮቴ ሲያልፍ «ዓሣ ያዝክ?» ይለኛል። ያቺ መልስ፣ ያቺ አንዲት ስበት በመዳፌ ስትመጣ፣ የማጠናቅረው ዜና ሁሉ የማይሰጠኝን እርግጠኝነት ትሰጠኝ ነበር። እትዬ ዘሀራ መተኛት ጀመሩ። ጉንጫቸው ተመለሰ።

ከዚያ አንድ ጥር ወር ላይ መንግሥት የአገሪቱን ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደ ፊት አስኬደ። ሕዝቡ ማልዶ ይነሣ ተብሎ ነው፤ በዐረብኛ ብኩር አሉት፣ ማለዳ መጀመር እንደማለት። ራዲዮኑም ጋዜጣውም ስለ ማልዶ መነሣት በረከት ለቀናት ተናገረ። ለእትዬ ዘሀራ በጆሯቸው ስነግራቸው «እኛስ መቼ ተኝተን?» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ለውጡ ልክ እኩለ ቀን ላይ ሆነ። እኔ ቢሮ ነበርኩ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ። ካርቱም ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነበረች። የእኔ የጠረጴዛ ሰዓት ግን ከጥንትም በአዲስ አበባ ሰዓት ነው የሚሄደው፤ የአማርኛ ሥርጭቶቹ እንዳይምታቱብኝ። ስለዚህ ዐዋጁ ሲወጣ ሁለቱ ከተሞች እኩል ሆኑና የእኔ ሰዓት ሳይነካ ትክክለኛ ሆነ። ይህን የማውቀው ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ሙሉጌታ ደግ ሰው ስለሆነ ከሰዓት በኋላ በሆሹ ዞሮ ያገኘውን ሰዓት ሁሉ አንድ ሰዓት አስኬደ፤ የእኔንም። የነገረኝ በማግሥቱ ነው።

ስለዚህ ሰዓቴ ደወለ፣ ተነሣሁ፣ ሳብኩ። ሦስት ጊዜ። አንድ መለሱ። ኩራዜን አብርቼ በጥር ብርድ ጋቢ ለብሼ ዳዊቴን ከፈትኩ። ሙሉጌታ ወጥቶ ይቆጥር ጀመር። ብርቱካን በዚያ ቀን ልብስ ልታጥብ ስለነበረ ተነሥታ ቧንቧውን ከፈተች። ውኃ የለም።

«ውኃውንም ወደ ፊት አስኬዱት መሰለኝ» አለች።

የዘወትሩን መዝሙር ጨረስኩ። ሌላ ጨመርኩ። ሙሉጌታ ሁለት ዙር ሠርቶ ላቡን ጠረገ። አዛን የለም። ሰማዩን አየሁ፤ ጥቁር ነው። ሰዓቱን አየሁ፤ ሰዓቱ አዛኑ አልፏል ይላል። እትዬ ዘሀራ በነጩ ቶብ ተጠቅልለው ወጡ።

«ረሳኸኝ እንዴ? ገመዱን ብጠብቅ ብጠብቅ።»

«አልተጣሩም!» ብዬ ጮህኩላቸው። «ሐጅ ኢድሪስ አዛን አላሉም!»

እጃቸው ወደ አፋቸው ሄደ። ሐጅ ኢድሪስ ወባ ይዟቸውም፣ የአቧራ ማዕበል ቀኑን ሌሊት አድርጎትም፣ አንድ ቀን አስቀርተው አያውቁም። ባለፈው ዓርብ ግን ሲያስሉ ሁላችንም ሰምተናል። ቃሉን የተናገረው ሙሉጌታ ነው።

«ሰውዬው ሞተዋል።»

ሁለተኛ ምንጭ አልፈለግኩም። ውኃ የለም፣ አዛን የለም፣ ሳል ነበረ፤ ሦስቱ ተገጣጠሙ። ብርቱካን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ሙሉጌታ በካናቴራው ላይ ኮት ደረበ። እትዬ ዘሀራ፣ ሱዳኖች ለቅሶ ቤት ስኳር ይዘው እንደሚሄዱት፣ ያላቸውን ስኳር በጨርቅ ቋጠሩ። ወደ ሐጅ ኢድሪስ ቤት ሄድን። አረንጓዴው የብረት በር ዝግ ነው፤ የለቅሶ ድምፅ የለም።

«ቤተሰቡ ገና አላወቀ ይሆናል» አለ ሙሉጌታ። «አናንኳኳ። ሊነጋ ሲል እንነግራቸዋለን።»

መርዶ በአገራችን የሚነገረው ንጋት ላይ ነው። ሰው ተሰብስቦ ደጅ ላይ ይቀመጣል፤ ቤተኛው በሩን ከፍቶ ሲያየን ሳንናገር ይገባዋል። እንደዚያው በረድፍ ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ውሻ ጮኸብንና ሰለቸው። ብርቱካን ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ለዓመታት ኪራይ ሲጨምሩባት ያማቻቸውን እየረሳች፣ «ደግ ሰው፣ ደግ ሰው» ትላለች።

የብረቱ በር ተከፈተ። ሐጅ ኢድሪስ በነጭ ጀለብያ፣ የውዱእ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ወጡ።

ብርቱካን ጮኸች። ሰውዬውም «ቢስሚላህ!» ብለው ወደ ኋላ ተፈናጠሩ። ከዚያ በኩራዛችን ብርሃን አንድ በአንድ አዩን፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ ኮቱን፣ የተቋጠረውን ስኳር።

«ኸይር ኢንሻአላህ? ማን ሞተ?»

በመጨረሻ ሙሉጌታ በዚያ በተሰባበረ ዐረብኛው፣ «አንተ» አላቸው።

ሐጅ ኢድሪስ ማንቆርቆሪያውን መሬት ላይ አስቀመጡ። ጉዳዩን እስክናስረዳ፣ የእኔን ሰዓትና የሙሉጌታን ደግነት እስክንፈታ ድረስ ሰሙን። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉ እንደገና ሳቅ። «ያ ጀማዓ! እናንተ ሐበሾች እኮ ሰውን ሳይሞት ትቀብራላችሁ! ሱብሒ ገና ነው፣ እኔ ራሴ አሁን መነሣቴ ነው።» ስኳሩን ተቀብለው ሻይ እናፍላበት አሉ። «የራሴን ለቅሶ ሻይ ልጠጣ።»

እትዬ ዘሀራ ግን አልሳቁም። የሚባለውን አልሰሙም። ከፊታችን ላይ ለማንበብ ከአንዱ ወደ አንዱ ያያሉ። ሐጅ ኢድሪስ አንድ ነገር ጠየቋቸው፤ አልመለሱም። ደግመው ጠየቁ። ብርቱካን እንባዋን እየጠረገች እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ራሷን ነቀነቀች። ምስጢሩ ያን ጊዜ ከሆሽ ወጣ።

ሽማግሌው ወደ እኛ ዞሩ። «ከመቼ ጀምሮ?» አሉ። ነገርናቸው። «ታዲያ ሱብሒን እንዴት ታውቃለች?» የገመዱን ነገር ነገርናቸው። ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ሻዩን ቶሎ ቶሎ ጠጡና ተነሡ፤ ሰማዩን አይተው እትዬ ዘሀራን በእጃቸው ምልክት «ነይ» አሏቸው።

የመስጊዷ ሚናራ አጭር ነበረች፤ የድምፅ ማጉያው ቀንድ ወደ መንገዱ ዞሮ ከግንቡ ላይ ብዙም ሳይርቅ ተሰቅሏል። ሐጅ ኢድሪስ እትዬ ዘሀራን ከቀንዱ ሥር አቆሟቸው፤ ቀኝ ጆሯቸው ወደ ላይ እንዲሆን በጣታቸው አሳዩዋቸው። ከዚያ ገብተው ማጉያውን ከፈቱ። ያ ጡብ በጡብ ላይ ሲጎተት የሚመስለው ድምፅ ተነሣ። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። እትዬ ዘሀራ ነጩን ቶብ ከቀኝ ጆሯቸው ላይ ገለጥ አድርገው፣ ግንቡን በመዳፋቸው ደግፈው ቆሙ። አዛኑ እስኪያበቃ አልተንቀሳቀሱም።

«ሰማሁት» አሉ። ጆሮው የከዳ ሰው እንደሚናገረው በኃይል ነበር፤ መንገዱ ሁሉ ሰማ። «ሰማሁት! አብሽሩ፣ ሰማሁት!»

ሙሉጌታ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ረጅሙ ስበት ቀረ። በሦስቱ እቀሰቅሳቸዋለሁ፤ በአንዱ ይመልሳሉ፤ ተሀጁዳቸውን ሰግደው ወደ ቀንዱ ሥር ይሄዳሉ። ሐጅ ኢድሪስ በዚያ ቦታ አንድ በርጩማ አኖሩላቸው፤ ሰፈሩ የሐበሻይቱ በርጩማ ይለዋል፤ ሕፃን እንኳ አይቀመጥበትም። ማዳምም ሰማች። አላባረረቻቸውም፤ ስትፈልጋቸው ወዳሉበት እየሄደች ትጠራቸው ጀመር። የእኔን ሰዓት ሙሉጌታ ዳግመኛ እንዳይነካ ብርቱካን መስታወቱ ላይ በፕላስተር መስቀል አደረገችበት።

ዓመታቱ ሄዱ። ሰፈሩ ውስጥ ሞባይል ገባ፣ የጡብ ምድጃዎቹ ወደ ታች ተገፉ፣ ጊኒሁ እንደገና ጊኒህ ተብሎ ታተመ። ሙሉጌታና ብርቱካን ሩቅ አገር የመስፈር ዕድል ደረሳቸውና ሄዱ። ሐጅ ኢድሪስ በአንድ በጋ ዐረፉ፤ ያን ጊዜ ሁለት ቦታ አጣርቼ ነው የሄድኩት። ልጆቻቸው ሆሹን ሸጡት፤ የሎሚው ዛፍ ተቆረጠ። እትዬ ዘሀራ ሥራ አቁመው ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር ከሚኖረው፣ ኢብራሂም ከሚባለው የእህታቸው ልጅ ዘንድ ገቡ። ሐጅ ዩሱፍ ሰፊ የሠራተኛ ሰፈር ነው፤ ኢብራሂም እዚያ ሪክሻ፣ እኛ ባጃጅ የምንለውን፣ ይነዳል።

አገሬ ከመግባቴ በፊት ልሰናበታቸው ሄድኩ። በጋ ስለነበር ሁሉም ደጅ ነው የሚያድረው። እንዳድር ለመኑኝ፤ በወንዶቹ በኩል ከኢብራሂም አጠገብ አንገረብ፣ ያ በገመድ የተጠለፈው አልጋ፣ ተዘረጋልኝ። በሴቶቹና በወንዶቹ መካከል የሸምበቆ መጋረጃ አለ። በመጋረጃው ላይ ሰማያዊ የናይለን ገመድ ያልፋል። ጫፉ ኢብራሂም እጅ ላይ በጨርቅ ታስሯል። ቀኙም ጆሯቸው ከተዘጋ ቆይቷል አለኝ፤ አሁን ምንም አይሰሙም። «በየንጋቱ እኔ ነኝ የምቀሰቅሳቸው፣ ኡስታዝ» አለኝ፤ ወደ ሥራ የሚወጣውም ከዚያ በኋላ ነው።

በለመድኩት ሰዓት ነቃሁ። ሰማዩ ጥቁር ነው። ኢብራሂም በጀርባው ተኝቶ ያንኮራፋል። ስሙን ልጥራ አልጥራ እያልኩ ሳለ ገመዱ ተወጠረ። ከመጋረጃው ማዶ፣ በእትዬ ዘሀራ በኩል፣ ሦስት ጊዜ ተሳበ፤ በቀስታ፣ በመካከሉ ጊዜ እየተሰጠ። ኢብራሂም ዓይኑን ሳይከፍት አንድ ጊዜ መልሶ ሳበ። አዛን ገና አልተባለም ነበር።